የክንድ ማሰሪያ በጨው ሜዳ የፍጥነት መኪና ላይ፦ አለካክ፣ አገጣጠምና ፍተሻ

በጨው ሜዳ ላይ በከፍተኛ ፍጥነት የሚነዳ መኪና ከተገለበጠ አንዴ ተገልብጦ አይቆምም። ሜዳው ሰፊና ለጥ ያለ ነው፤ የሚያቆመው ግንብ ወይም አጥር ስለሌለ ፍጥነቱ እስኪያልቅ ደጋግሞ ይንከባለላል። በዚያ ጊዜ የሾፌሩን ጭንቅላት ሄልሜቱና ሃንሱ (የአንገትና የጭንቅላት መከላከያው)፣ ደረቱንና ዳሌውን ቀበቶው ይዘውታል። ክንዱን የያዘው ግን የለም።

«መሪውን ጨብጬ እቆያለሁ» የሚለው ሐሳብ በሂሳብ አይቆምም። 80 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው አንድ ክንዱ ከነእጁ ወደ 4 ኪሎ ግራም ነው። መኪናው በሴኮንድ 2 ጊዜ ቢሽከረከርና ክንዱ ከሽክርክሪቱ መሐል 60 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ወደ ውጭ የሚጎትተው ኃይል ወደ 40 ኪሎ ግራም ይጠጋል። በሰዓት 320 ኪሎ ሜትር ላይ ከመኪናው የወጣ ክንድ ደግሞ በነፋሱ ብቻ ወደ 25 ኪሎ ግራም በሚሆን ኃይል ወደ ኋላ ይገፋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው። አንዴ የወጣን እጅ መልሶ ማስገባት አይቻልም። በሚቀጥለው ዙር ሾፌሩን በከበበው የብረት ቀፎ፣ በሮል ኬጁ፣ ቱቦና በጨዉ መካከል ይገባል።

የክንድ ማሰሪያ የተሠራው ለዚህ ነው። በዩታ ከዌንዶቨር ከተማ አጠገብ ባለው የቦንቪል ጨው ሜዳ ከ1949 ጀምሮ ውድድር የሚያካሂደው ማኅበር ኤስሲቲኤ፣ በካሊፎርኒያው ኤል ሚራዥ ደረቅ ሐይቅና በደቡብ አውስትራሊያው ጌርድነር ሐይቅ የሚነዱ ቡድኖችም የሚጠብቁት መሠረታዊ ሐሳብ አንድ ነው፦ ማሰሪያው ሲወጠር የሾፌሩ እጅ ከሮል ኬጁ ውጭ መውጣት የለበትም፤ ቀበቶው ሲፈታም ማሰሪያው አብሮ መፈታት አለበት። ለመኪናችሁ ክፍል የተጻፈውን ዝርዝር የምትወዳደሩበት ማኅበር በዚያ ዓመት ካወጣው የደንብ መጽሐፍ አንብቡ። ከዚህ በታች ካለው ጋር ቢለያይ የሚሠራው የመጽሐፉ ነው።

ክፍሎቹ

ዕቃው ቀላል ነው። ክንድ ላይ የሚጠመጠም ሰፊ አቃፊ አለው፤ የሚዘጋው በቬልክሮ ወይም በዘለበት ነው። ከአቃፊው የሚወጣ ጠፍር አለ፣ በአብዛኛው ከ25 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው። ጠፍሩ ላይ ርዝመቱን የምታስተካክሉበት ባለ ሦስት ዘንግ ማስተካከያ ብረት፣ ጫፉ ላይ ደግሞ በቀበቶው ዋና ዘለበት ውስጥ የሚገባ ቀለበት አለ። ሁለቱ ክንዶች ለየብቻ የሚታሰሩበት አለ፤ ሁለቱ ጠፍሮች ሆድ ላይ ተገናኝተው በአንድ ጫፍ የሚያልቁበትም አለ። ለጨው ሜዳ መኪና የምንመርጠው ለየብቻ የሆነውን ነው፤ ቀኝና ግራ እጅ የሚደርሱበት ቦታ እኩል ስለማይሆን ሁለቱን በተለያየ ርዝመት ማስተካከል ያስፈልጋል።

ጠፍሩን ከሻሲው፣ ከወንበሩ ወይም ከሮል ኬጁ ጋር በቡሎን ማሰር ፈጽሞ አይፈቀድም። እንደዚያ ከታሰረ ሾፌሩ ቀበቶውን ፈትቶም በክንዱ ታስሮ ይቀራል፤ መኪናው እየነደደ ከሆነ ሁለተኛ መፍቻ ለመፈለግ ጊዜ የለውም።

ከመለካት በፊት

የክንድ ማሰሪያ በመኪናው ውስጥ መጨረሻ የሚገጠም ዕቃ ነው። ወንበሩ፣ የወንበሩ ስፖንጅ፣ የጭንቅላት ዙሪያ መከላከያው፣ መሪው፣ የማርሽ ማንሻውና መኪናውን ለማቆም የሚዘረጋው ፓራሹት እጀታ ቦታቸውን ሳይዙ የተለካ ጠፍር በኋላ መለካቱ አይቀርም። ስፖንጁ 3 ሴንቲ ሜትር ሲቀንስ ሾፌሩም ዘለበቱም አብረው ይወርዳሉ፣ ጠፍሩ የሚነሳበት ነጥብም ይለወጣል።

የቀበቶውን መለያም አሁን እዩ። ኤስኤፍአይ 16.1 የሚለው የደህንነት ደረጃ የተጻፈበት ቀበቶ የሚያገለግለው ከተመረተበት ቀን አንስቶ 2 ዓመት ነው፤ ጊዜው ባለፈ ቀበቶ ላይ አዲስ የክንድ ማሰሪያ መግጠም ድካም ብቻ ነው።

ሜትሮ፣ የጨርቅ ማስመሪያ እስክሪብቶ፣ ሲባጎ ወይም የወረቀት ፕላስተር፣ የስልክ ሰዓትና ሁለት ረዳቶች ያስፈልጋሉ። ሾፌሩ የውድድር ልብሱን ሁሉ ይልበስ፦ እሳት የሚከላከለው ልብስ ከነውስጡ፣ ጓንት፣ ጫማ፣ ሄልሜትና ሃንስ። በሸሚዝ የተለካ አቃፊ በወፍራም ልብስ ላይ አይዘጋም። ያለ ሄልሜትና ሃንስ የተለካ የእጅ መድረሻም ውሸት ነው፤ ሾፌሩ አንገቱን ማጎንበስ ሲያቅተው እጀታውን በዓይኑ አያገኘውም።

የሮል ኬጁን ድንበር አሳዩ

ሾፌሩ ከመግባቱ በፊት በሮል ኬጁ ቱቦዎች መካከል ባለው እያንዳንዱ ክፍት ቦታ ላይ ሲባጎ ወጥሩ። ከላይ፣ ከግራና ከቀኝ፣ ከፊት በመስታወቱ በኩል። ሲባጎው የማይታለፍ ድንበር ነው። ላሜራ ወይም መረብ አጥብቆ የዘጋውን ቦታ እንደ ክፍት አትቁጠሩት።

የመኪናው ዓይነት ሥራውን ይለውጠዋል። ሮድስተር ከላይም ከጎንም ክፍት ነው፣ ስለዚህ ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሌክስተር፣ ማለትም ጎማዎቹ ሳይሸፈኑ ከአካሉ ውጭ የሆኑ መኪና፣ በተለይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከአውሮፕላን ተንጠልጣይ የነዳጅ ታንክ መሠራት የጀመረው ዓይነት፣ ጠባብ ስለሆነ የጎኑ ድንበር ለትከሻ ቅርብ ነው። ስትሪምላይነር፣ ማለትም ነፋስ እንዳይዘው አካሉ ጎማውን ጭምር የሸፈነ መኪና፣ ክዳን አለው፤ ድንበሩን ስትወጥሩ ግን ክዳኑ የሌለ አድርጋችሁ ወጥሩ። መኪና ሲንከባለል መጀመሪያ ሊበር የሚችለው ክዳኑ ነውና። ጣሪያ ባለው ኩፕ የመስኮት መረብ ብዙ ይረዳል፤ ያም ሆኖ መረቡ የሚዘጋው መስኮቱን ብቻ ነው።

እጅ የግድ የሚደርስባቸው ቦታዎች

ሾፌሩ ቀበቶውን ለመንዳት በሚያጠብቀው ልክ አጥብቆ ይቀመጥና የሚከተሉትን አንድ በአንድ ይንካ። ረዳት ከዋናው ዘለበት መሐል እስከ እያንዳንዱ ዕቃ መጨበጫ ያለውን ርቀት ለክቶ የትኛው እጅ እንደሚጠቀምበት ጨምሮ ይጻፍ፦

- መሪው እስከ መጨረሻ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲዞር
- ማርሹ በሁሉም ቦታ፣ በተለይ ከሰውነት በሚርቅበት
- የፓራሹት እጀታ፣ ሁለት ፓራሹት ካለ ሁለቱም
- የእሳት ማጥፊያው መሳቢያ
- የነዳጅ መዝጊያና የሞተር ማጥፊያ
- የክዳኑ ወይም የበሩ መክፈቻ ከውስጥ
- ራሱ ዋናው ዘለበት፣ በግራም በቀኝም እጅ

የሄልሜቱን መስታወት መክደንና መክፈት ብዙ ቡድን ይረሳዋል። ጉም የያዘን መስታወት መክፈት ያልቻለ ሾፌር በነጭ ሜዳ ላይ መስመሩን አያይም።

ርዝመቱን ማግኘት

ጠፍሩ ሲወጠር የጣት ጫፍ ከዘለበቱ ሊርቅ የሚችለው የጠፍሩ ርዝመትና ከአቃፊው እስከ ጣት ጫፍ ያለው ርቀት ሲደመሩ ነው። ከዚህ ሁለት ቁጥር ይወጣል፣ ትልቁ የሚፈቀደው ርዝመትና ትንሹ የሚያሠራው ርዝመት።

ለምሳሌ ከዘለበቱ እስከ ቅርቡ ክፍት ድንበር 66 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ከአቃፊው እስከ ጣት ጫፍ ከነጓንቱ 33 ሴንቲ ሜትር። ቀበቶ በአደጋ ጊዜ ይለጠጣል፣ ሾፌሩም ሲገለበጥ ከወንበሩ ይነሳል፤ ስለዚህ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር መጠባበቂያ ተዉ። 66 ሲቀነስ 33 ሲቀነስ 5፣ 28 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። ጠፍሩ ከዚህ አይበልጥም።

አሁን በሌላ በኩል ኑ። የፓራሹቱ እጀታ ከዘለበቱ 54 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ ከአቃፊው እስከ መዳፍ መሐል 24 ሴንቲ ሜትር ነው። እጀታውን ለመጨበጥ ጠፍሩ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ሁለቱ ቁጥሮች በሁለት ሴንቲ ሜትር ይጣላሉ።

አብዛኛው ስሕተት የሚሠራው እዚህ ነጥብ ላይ ነው። ማስተካከያውን ትንሽ ለቀቅ ማድረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ እጀታውን ማንሳት ደግሞ አዲስ ማቀፊያ መበየድና ገመዱን ማሳጠር ይጠይቃል። ስለዚህ ጠፍሩ ይረዝማል። እንዲህ የረዘመ ማሰሪያ እጅን ከድንበሩ ውጭ ያደርሳል፤ ታዲያ ለጌጥ ካልሆነ ለምን ታሰረ? እጀታውና ጠፍሩ ሲጣሉ እጀታው ይነሳ። በምሳሌው ላይ እጀታውን 4 ሴንቲ ሜትር ወደ ሾፌሩ ማቅረብ ጣጣውን ይጨርሰዋል። ፓራሹት ጨርሶ ያልተዘረጋበት ሩጫ መጨረሻው የት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ብየዳ አይሰስትም።

የጎኑ ክፍት ቦታ በጣም ቀርቦ ሂሳቡ 15 ወይም 18 ሴንቲ ሜትር ብቻ ካስቀረላችሁ፣ በዚያ ርዝመት መሪ አይዞርም። ያን ጊዜ ጎኑን በመረብ ወይም በላሜራ ዝጉና ድንበሩን እንደገና ለኩ።

ሂሳቡ መነሻ ነው። ክርን ይታጠፋል፣ ትከሻ ይገድባል፤ ስለዚህ ቁጥሩን ካገኛችሁ በኋላ ከታች ባለው ፍተሻ አረጋግጡት። ቀኝና ግራውን ለየብቻ አስሉ።

አቃፊው የት ይታሰር

በታችኛው ክንድ ላይ፣ ከክርኑ ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ። በልብሱ እጅጌ ላይ እንጂ ከሥሩ አይደለም፤ በጓንቱ ጉሮሮ ላይም አይደለም።

ከክርን በላይ ቢታሰር የታችኛው ክንድ ሙሉ በሙሉ ነፃ ሆኖ እንደ በትር ይወናጨፋል። አንጓ ላይ ቢታሰር ደግሞ መሪ ሲዞር ይጎትታል፣ ሲወጠርም ጓንቱን ይዞ በመዳፍ በኩል ሊወልቅ ይችላል። ከክርን በታች ያለው የክንድ ጡንቻ ወፍራም ስለሆነ አቃፊው ወደ አንጓው እንዳይንሸራተት ጥብቀቱ ልክ ይሁን፦ ሾፌሩ ጡጫውን ሲጨብጥ አንድ ጣት በግድ የሚገባበት፣ እጁን ሲዘረጋ ግን ጣቶቹ የማይደነዝዙበት። ከታሰረ 10 ደቂቃ በኋላ ጠይቁት። በመነሻው ሰልፍ ላይ ተራ ጥበቃው ረጅም ነው፤ የደነዘዘ እጅ የፓራሹት እጀታ ስሜቱን አያገኝም።

የጠፍሩ መውጫ ወደ ሆድ ይዙር። ወደ ውጭ ከዞረ ጠፍሩ ክንዱን ዞሮ ስለሚመጣ ርዝመቱ በ5 ወይም በ6 ሴንቲ ሜትር ያጥራል፣ አቃፊውም ሲወጠር ይጠመዘዛል።

ጠፍሩን በማስተካከያው ብረት ውስጥ ስታሳልፉ ጫፉን መልሳችሁ አስገቡት። አንዴ ብቻ ያለፈ ጠፍር በድንገተኛ ጉተታ ይንሸራተታል። ቢያንስ 8 ሴንቲ ሜትር ጅራት ይቅርና እሱን አጥፋችሁ ያዙት። ረዝሟል ብላችሁ በቋጠሮ አታሳጥሩ፤ ቋጠሮ ጠፍሩን ያዳክማል፣ ማርሽ ላይም ይሰካል። በቤት ስፌት ማሳጠርም ያው ነው። ዕቃው አልሆን ካለ ሌላ ልክ ግዙ።

ወደ ዋናው ዘለበት ማስገባት

ምላስና ማንሻ ባለው ዘለበት፣ ማለትም በላች ኤንድ ሊንክ፣ የትከሻ ቀበቶዎቹ ቀለበቶች በወገብ ቀበቶው ረጅም ምላስ ላይ ይሰካሉ፣ የክንድ ማሰሪያዎቹም እዚያው ምላስ ላይ ይገባሉ፤ ከዚያ ማንሻው ይዘጋል። የትኛው ቀለበት መጀመሪያ እንደሚገባ የቀበቶው ሠሪ የጻፈውን ተከተሉ። መለኪያችሁ ማንሻው ነው፦ ከክንድ ማሰሪያው ጋር ሲዘጋ ያለ እሱ ሲዘጋ ከነበረው የተለየ ጉልበት መጠየቅ የለበትም። ከጠየቀ ከሥሩ የተቆነጠጠ ጨርቅ ወይም የተደራረበ ብረት አለ።

ይህን ዘለበት ቀረብ ብላችሁ እዩት። ማንሻው ጫፉ ላይ ለጣት መግቢያ የሚሆን ትንሽ ከፍታ አለው። ጣት የሚገባበት ቦታ ሁሉ ጠፍርም ይገባበታል። ሾፌሩ ቀኝ እጁን ወደ ፓራሹቱ ሲያነሳ ልቅ የነበረው ጠፍር በሆዱ ላይ ይንሸራተታል፣ ጠርዙ ከማንሻው ሥር ይሰካል፣ እጁ ሲቀጥል ማንሻውን ያነሳዋል፤ ወገብ፣ ትከሻ፣ ክንድ ሁሉም በአንዴ ይለቀቃል። ለማዳን የታሰረው ዕቃ ሾፌሩን በሩጫ መሐል ፈታው ማለት ነው። መከላከያው ሁለት ነው፤ አንደኛ ጠፍሮቹ ከማንሻው መክፈቻ ጫፍ ተቃራኒ በሆነው በኩል ዘለበቱን እንዲለቁ አድርጉ፣ ሁለተኛ ሠሪው ያዘጋጀው የዘለበት መሸፈኛ ካለ ግጠሙ። ከዚያ ሾፌሩ ተቀምጦ እጆቹን በሁሉም አቅጣጫ 10 ጊዜ በፍጥነት ያንቀሳቅስ፤ ረዳት ዓይኑን ከማንሻው አይንቀል።

ተሽከርካሪ መክፈቻ ባለው ካምሎክ ይህ አደጋ ያነሰ ነው። ግን በካምሎክ ላይ ቀዳዳዎቹ የተወሰኑ ናቸው። የክንድ ማሰሪያው ቀለበት በትከሻ ቀበቶው ምላስ ላይ ቀድሞ ይጠለቅና ምላሱ ወደ ዘለበቱ ይገባል፤ መክፈቻው ሲዞር ምላሱ ይወጣል፣ ቀለበቱም ይንሸራተታል። ቀለበቱ ወፍራም ሆኖ ምላሱ እስከ መጨረሻ «ቀጭ» ብሎ ካልገባ በዚያ ቀለበት አትጠቀሙ። ለዚያ ዘለበት የተሠራ ማገናኛ ከራሱ ከሠሪው ፈልጉ፤ ቀለበቱን በሞረድ ማቅጠን ወይም መብሳት ክልክል ነው።

ፍተሻ

መጀመሪያ የመያዝ ፍተሻ። ሾፌሩ ሙሉ በሙሉ ታስሮ፣ ሁለት ረዳቶች እጆቹን ጣቶቹ ተዘርግተው ወደ እያንዳንዱ ሲባጎ በጉልበት ይጎትቱ፤ ወደ ላይ ሲጎትቱ ሾፌሩ ራሱን ከወንበሩ ለማንሳት ይግፋ፣ ተገልብጦ ሲንጠለጠል የሚሆነው ያ ነውና። የጣት ጫፍ ከሲባጎው 5 ሴንቲ ሜትር ሳይደርስ መቆም አለበት። በአንዱም አቅጣጫ ካለፈ ፍተሻው ወድቋል።

ቀጥሎ የመድረስ ፍተሻ፣ ዓይን ተሸፍኖ። ረዳት «ፓራሹት»፣ «እሳት»፣ «ነዳጅ» እያለ ቅደም ተከተሉን እየቀያየረ ይጥራ፤ ሾፌሩ ጨብጦ እስከ መጨረሻ ይሳብ። መንካት አይበቃም። የፓራሹት እጀታ ረጅም ስበት ካለው ክንዱ ወደ ኋላ ሲሄድ ጠፍሩ የሚያቆመው መሐል ላይ ሊሆን ይችላል፤ እጀታው ተስቧል፣ ፓራሹቱ ግን አልተፈታም።

ሦስተኛ የመፈታት ፍተሻ። ቀበቶው ተወጥሮ እያለ ዘለበቱን በቀኝ እጅ 10፣ በግራ እጅ 10 ጊዜ ክፈቱ፣ ጓንት ተደርጎ። በእያንዳንዱ ጊዜ ሁለቱም የክንድ ቀለበቶች ሳይነኩ መውደቅ አለባቸው። ከ20ው አንዱ ከተሰካ ምክንያቱ እስኪገኝ መኪናው አይንቀሳቀስም።

በመጨረሻ መውጣት። ከመታሰር እስከ ሁለት እግር መሬት መንካት ሾፌሩ ያለ ማንም እርዳታ ይውጣ፣ ሰዓቱም ይያዝ። ጊዜው መቀነስ እስኪያቆም ድገሙት። አቃፊዎቹ ክንዱ ላይ እንደታሰሩ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ተንጠልጣዩ ቀለበት የማርሹ ማንሻ ወይም የመሪው እጀታ ላይ ሲሰካ የምታዩት እዚህ ነው። ከተሰካ የመውጫውን ቅደም ተከተል ቀይሩ፤ ብዙ ጊዜ መሪውን ቀድሞ አውልቆ ወደ ፊት መጣል ይፈታዋል።

ፍተሻው ሲያልቅ በማስተካከያው ብረት ጠርዝ ላይ ጠፍሩን በእስክሪብቶ አስምሩ። ሁለት ሾፌር ያለው መኪና ለእያንዳንዱ የተለየ ቀለም፣ ቢቻል የተለየ ማሰሪያ ይኑረው። የክንዳቸው ርዝመት በ4 ሴንቲ ሜትር የሚለያይ ሁለት ሰዎች በአንድ ልክ ሲነዱ አንደኛው ያለ ማሰሪያ እንደነዳ ቁጠሩት።

ጨውና አቧራ

ጨው እርጥበት ይስባል፣ ብረት ይበላል። ከአንድ ቀን ውሎ በኋላ ቬልክሮውን ገልጣችሁ ወደ ብርሃን ብትይዙት በመንጠቆዎቹ መሐል የሚያብረቀርቁ ደቃቅ ቅንጣቶች ታያላችሁ። መንጠቆውን የሞሉት እነሱ ናቸው፤ እንዲህ የሆነ ቬልክሮ ሲዘጋ የያዘ ይመስላል፣ ሲወጠር ግን ይላቀቃል። በኤል ሚራዥ ያው ሥራ የሚሠራው የሸክላ አፈሩ ዱቄት ነው።

ማታ ማታ ለስላሳ ብሩሽ ተጠቀሙ። ከውድድሩ ሲመለሱ ማሰሪያውን ለብ ባለ ንጹሕ ውኃና በቀላል ሳሙና እጠቡ፣ በደንብ አለቅልቁ፣ ጥላ ሥር አድርቁ። በረኪና፣ ቤንዚንና የሞተር ማጽጃ የጠፍሩን ክር ይጎዳሉ፤ ፀሐይም ከጊዜ ብዛት ያደርቀዋል፣ ስለዚህ በውድድር መካከል በመኪናው ላይ ተዘርግቶ አይዋል። የማስተካከያው ብረት ዝገት ካሳየ ወይም ጠፍሩ በነፃነት ካልሄደ ይቀየር።

ስፌቱ የተፈታ፣ ጠርዙ የተበጣጠሰ፣ እሳት የነካው ወይም ቀለሙ የነጣ ማሰሪያ አይታሰርም። ከግልበጣ በኋላ ምንም ያልሆነ ቢመስልም ከቀበቶው ጋር አብሮ ይወገዳል፤ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይጠቀምበት ከመጣሉ በፊት ጠፍሩን በመቀስ ቁረጡት።

በመነሻው መስመር

ብዙ የጨው ሜዳ መኪኖች በሌላ መኪና እየተገፉ ነው የሚነሱት። ማሰሪያው መግፋት ከመጀመሩ በፊት ገብቶ ያለቀ መሆን አለበት፤ ሾፌሩ ሄልሜትና ሃንስ አድርጎ ዘለበቱን ራሱ አያየውም፣ ስለዚህ የማሰሩ ኃላፊነት የአንድ የታወቀ ሰው ይሁን። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሂድ፦ አቃፊዎቹ ሾፌሩ ሳይገባ ይታሰሩ፤ ገብቶ ሲቀመጥ የወገብ ቀበቶው፣ የእግር መሐሉ፣ ትከሻዎቹ በሃንሱ ላይ፣ ክንዶቹ፣ ከዚያ ዘለበቱ። ወገቡ ይጥበቅ፣ ቀጥሎ ትከሻው። አሳሪው በእስክሪብቶ የተሰመረውን መስመር በዓይኑ አይቶ ሁለቱን ጠፍሮች አንድ በአንድ ይጎትት፣ ሾፌሩም ፓራሹቱን ሳይስብ ይንካ።

ሩጫው ተቋርጦ መኪናው ወደ ሰልፉ ከተመለሰና ሾፌሩ ለመተንፈስ ዘለበቱን ከከፈተ፣ ይኸው ሁሉ ከመጀመሪያው ይደገማል። ክንዱ ላይ የቀረው አቃፊ የታሰረ ያስመስለዋል፤ ቀለበቱ ግን ዘለበቱ ውስጥ ሳይሆን ጭኑ ላይ ነው ያለው።